የጢሮና ንፍሮ

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ያኔ በሁለት የደብተር ገጽ አንዲት ቅድስት ፈጥሬ ጎረቤታችንን ዝክር አስደግሻለሁና፣ ዛሬም ወር ገብቶ ዘጠነኛው ቀን ሲደርስ ትዝ ይለኛል።

ቤተሰቦቼ ከከፋ የመጡ ናቸው። አባቴ ማርና እህል ይነግድ ነበር። እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ስለምንሄድ ሰፈሩ «ጴንጤዎቹ» ይለናል። እኛ ቤት ወር ማለት ሠላሳ ቀን ነው፤ የትኛው ቀን የየትኛው ቅዱስ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ከአጥራችን ማዶ እትዬ ዘነበች ይኖሩ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው አቶ ደምሴ የወህኒ ቤት ዘበኛ ስለነበሩ ብዙ ሰው አይቀርባቸውም። በተለይ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበችን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። የወይዘሮ አስካለ ወንድም ታስሮ ነበር። እሳቸው ደግሞ እግራቸውን ስለሚያማቸው እምብዛም ሄደው አይጠይቁትም። ንዴታቸውን የሚወጡት በእትዬ ዘነበች ላይ ነው፤ ፈርደው ያሰሩት እሳቸው ይመስል!

አንድ ቀን የአማርኛ መምህራችን፣ በሚታወቅ ታሪክ ውስጥ ስሙ ስላልተጠራ ሰው ድርሰት ጽፋችሁ ኑ አሉን። እኔ ጳውሎስና ሲላስ የታሰሩበትን ታሪክ መረጥኩ። ምድር ተናውጣ የወህኒው በር ሲከፈት ዘበኛው አመነ፤ እስረኞቹን ቤቱ ወስዶ ቁስላቸውን አጠበ፣ አበላቸው። ስለ ሚስቱ የተባለ ነገር የለም። እኔ አልኩላት። ስሟን ከጢሮስ ከተማ ቆርጬ ጢሮና ብዬ አወጣሁላት። ጎረቤት የማይቀርባት፣ ከዚያች ቀን በኋላ ግን ጠያቂ ለሌላቸው እስረኞች ንፍሮ እየቀቀለች የምትልክ ሴት አደረግኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ስጽፍ በሐሳቤ የመጡት እትዬ ዘነበች ነበሩ።

በረንዳችን ላይ ጮክ ብዬ ሳነበው እትዬ ዘነበች ከአጥሩ ወዲያ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እንዝርታቸውን አቆሙ።

«እስቲ ድገሚው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ደገምኩት። ማንበብ አይችሉምና ገድል መስሏቸዋል። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ለካ ለወህኒ ዘበኛ ሚስትም ቅድስት አላት!» አሉ። «ለመሆኑ ዕለቷ በስንት ነው?»

ይሄኔ «ድርሰት ነው» ማለት ነበረብኝ። ግን ፊታቸው እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ዓይኔ ደብተሩ አናት ላይ የጻፍኩት ቀን ላይ አረፈ።

«በዘጠኝ» አልኩ።

ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው ግን እያደር ከበደ። በሚቀጥለው ወር በዘጠኝ እትዬ ዘነበች ስንዴና ባቄላ ቀቀሉ፤ አቶ ደምሴ በቅርጫት ተሸክመው ጠያቂ ለሌላቸው እስረኞች ወሰዱ። ሲመለሱ «መረቁሽ» ብለዋቸው ኖሮ፣ እትዬ ዘነበች እንደ ልጅ እየሮጡ መጥተው ነገሩኝ። በየወሩ የመጀመሪያውን እፍኝ የሚያቀምሱት እኔን ነበር። ሳላላምጥ እውጠዋለሁ። አባቴ ቢሰማስ? የጸሎት ቤት ልጅ ቅድስት ፈጥራ ታዘክራለች!

አምስት ወር እንዲህ አለፈ። በስድስተኛው አዲስ ነገር መጣ።

«የዚህን ወር ዘጠኝ የንስሐ አባቴ መጥተው ይባርኩልኛል» አሉኝ። «ጎረቤቱንም ጠርቻለሁ፤ አስካለ እንኳ እሺ ብላለች። ገድሏን አንቺ ታነቢልናለሽ።»

ቄሱ «ይህች ደግሞ ከየት የመጣች ቅድስት ናት?» ማለታቸው አይቀርም። ስንት ዓመት ሰው ደጃቸውን ያልረገጠው ሴት፣ ሰው በመጣላቸው ቀን መሳቂያ ሊሆኑ ነው፤ ያውም በእኔ ምክንያት።

በዋዜማው፣ በስምንት፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ሄድኩ። ስንዴ እየለቀሙ ነበር። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«የለችም?» አሉ።

«ድርሰት ነው፣ እትዬ።»

«ድርሰት ማለት ውሸት ነው?»

አጎንብሼ ከስንዴው ጠጠር መልቀም ጀመርኩ።

«ሂጂ ወደ ቤትሽ» አሉኝ። ያለ «የኔ ልጅ» አናግረውኝ አያውቁም ነበር። ቤት ገብቼ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ።

በማግስቱ አሞኛል ብዬ ተጠቅልዬ ተኝቼ ሳለ ከአጥሩ ማዶ ድምፃቸው መጣ።

«አንቺ ጢሮና! ደብተርሽን ይዘሽ ነይ!»

ሄድኩ። ቄሱ ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ አስካለና ሌሎች ሴቶችም አሉ። እትዬ ዘነበች ከድስቱ አጠገብ ቆመዋል።

«አባ፣ ገድል አለ ብዬ ነበር የጠራሁዎት» አሉ። «ገድል አይደለም፤ የዚህች ልጅ ድርሰት ነው። ያልገባኝ እኔ ነኝ።»

አንዷ ሴት ሳቋን አፈነች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የእኔን ጥፋት በሰው ሁሉ ፊት የራሳቸው አደረጉት።

«ታዲያ ንፍሮው ለማን ነው?» አሉ ቄሱ።

«ትናንት ደምሴ መጽሐፍ ቅዱሱን አነበበልኝ። ዘበኛው እስረኞቹን ቤቱ ወስዶ አበላቸው ይላል። አባ፣ እኔ ከወህኒ ዘበኛ ጋር ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ውሃ እንኳ ራሱ ቀድቶ አይጠጣም። ያን ምግብ ማን ሠራው?»

አቶ ደምሴ አቀረቀሩ። ቄሱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«መኖሯንስ ሳትኖር አልቀረችም» አሉ። «ገድል ብላችሁ ግን እንዳታነቡት። ንፍሮው በመድኃኔዓለም ስም ይሂድ።» ባርከው ሲያበቁ ወደኔ ዞሩ። «በይ አሁን ድርሰት መሆኑን አውቀን እንስማው።»

ደብተሬን ገልጬ አነበብኩ። ስጨርስ ወይዘሮ አስካለ ተነስተው ወደ እትዬ ዘነበች ጠጋ አሉ።

«ዘነቡ፣ ለወንድሜም ይደርሰው ይሆን?»

«ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ እየደረሰው ነው» አሉ እትዬ ዘነበች።

ወይዘሮ አስካለ የቅርጫቱን አንድ ጎን ያዙና እያነከሱ አብረዋቸው እስከ በሩ ተሸከሙ።

አባቴ ሲሰማ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ከዚያ በኋላ ግን በየወሩ በስምንት አንድ ቁና ባቄላ «ተርፎኝ ነው» እያለ በአጥሩ ላይ ያሻግር ጀመር። መምህሬ ግን ገና ያኔውኑ ለድርሰቱ ከአሥር ስድስት ሰጥተውኝ ነበር። «የሴትዮዋ ደግነት አያሳምንም» የሚል ጽፈውበታል።

እትዬ ዘነበች ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ሊያርፉ ሰሞን እጄን ይዘው፣ «እዚያ ስደርስ መጀመሪያ የምጠይቀው እሷን ነው። ስሟ ጢሮና ሳይሆን ቢቀር ግን ወዮልሽ!» አሉኝ።

እኔ አሁንም የጸሎት ቤት ሰው ነኝ፤ ቀን አልቆጥርም። በዘጠኝ ግን ንፍሮ እቀቅላለሁ። መዋሸቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። እትዬ ዘነበች ግን በጣም ይናፍቁኛል፤ እፍኙን የሚያቀምሰኝ ስለሌለ ድስቱን ሳወርድ ራሴ እቀምሳለሁ።