አልጋው ሥር የቀለጠው ፊውዝ

አባቴ የሚተነፍሱት በኦክስጅን ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። ስለዚህ ያገለገለ ትሬለር፣ በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት፣ ገዝተን ቅዳሜና እሑድን ሐይቅ ዳር እናሳልፍ ስንል፣ ከአልጋውም ከምድጃውም በፊት የጠየቅኩት ስለ ኢንቨርተሩ ነበር፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ስለሚቀይረው ሣጥን። ስማይርና ከተማ አካባቢ ያለ ጥገና ቤት አዲስ ገጠመልን።

መጀመሪያ የወጣን ቀን፣ ምሳ እያቀረብኩ ሳለ ሣጥኑ ጮኸና ጠፋ። የአባቴም ማሽን አብሮ ቆመ። አባቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አዩኝ። ያን አስተያየታቸውን አልረሳውም። በመጠባበቂያ የያዝኩትን ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ገጠምኩላቸውና ወዲያው ወደ ቤታችን፣ ወደ ሊቶኒያ ተመለስን።

ጥገና ቤቱ «ባትሪው ደክሟል» ብሎ ባትሪ ቀየረ። ባሌ ሥራ በሄደበት ቀን ግቢያችን ውስጥ ስሞክረው፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጮኾ ጠፋ። ድጋሚ ይዘነው ሄድን። የጥገና ቤቱ ሰውዬ እኔ ስነግረው ዞሮ የሚጠይቀው ባሌን ነው።

«ስንት ደቂቃ ሠርቶ ነው የጠፋው?» አለው።

«ያየሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አልነበረም» አልኩ።

ፈገግ አለና አሁንም ለባሌ፣ «ምናልባት ሚስትህ ማይክሮዌቭ አብራ ይሆናል» አለው። ባሌ ሳቀ።

ማይክሮዌቭ አላበራሁም። መኪና ውስጥ «ምን ያስቅሃል?» አልኩት። «ሰውየውን ላለማስቀየም ነው፤ እሱ እኮ ኤክስፐርት ነው» አለኝ። ሰውየው ይህን ነካ ያን ነካ አድርጎ «ደህና ነው» ብሎ መለሰልን፤ ሣጥኑ ግን ቤት ስንደርስ ያው ጮኾ ጠፋ።

በማግስቱ ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ ገዛሁ። ባትሪውን ስለካው ሙሉ ነው። አባቴ ወጣት ሳሉ የወፍጮ ሞተር ይጠግኑ ነበር፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ስትለኪው ሥራ ላይ ነበር?» አሉኝ።

«የለም አባዬ፣ ሁሉም ጠፍቶ ነው።»

«እንግዲያው ምኑን ለካሽው? የሆነ ነገር አብሪበትና መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ከዚያ ሣጥኑ መግቢያ ላይ ለኪ።»

የፀጉር ማድረቂያዬን በትንሹ አበራሁ። ባትሪው ላይ አሥራ ሁለት ነጥብ አራት ቮልት። ሣጥኑ መግቢያ ላይ አሥር ነጥብ ሁለት። ሁለት ቮልት መንገድ ላይ ጠፍቷል። ሣጥኑ የሚጮኸው ባትሪው ደክሞ ሳይሆን ኃይሉ ስለማይደርሰው ነበር።

«በመሐላቸው ያለውን ነገር ፈልጊ» አሉ አባቴ።

ባትሪውን ነቀልኩና በካቻቢቴ የአልጋውን ሥር ሽፋን ፈታሁ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ገመዱ መሐል ያለው የፊውዝ ማቀፊያ ቀልጦ ጠቁሯል፤ ብሎኑ በጣቴ ይዞራል። ሲገጥሙት አላጠበቁትም። ገመዱም ለዚያ ሁሉ ኃይል የማይመጥን ቀጭን ነው። ከላዩ ያለው ደግሞ አባቴ የሚተኙበት ፍራሽ ነው። ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ ከሥራቸው እሳት! ንዴቱ ዓይኔን አጨለመው።

ባሌ «ጥገና ቤቱ ጋ ስልክ እንደውል» አለ። ማቀፊያውን ፈትቼ፣ የመኪና ቁልፌን አንስቼ ወጣሁ፤ ሮጦ ደረሰብኝ።

ጥገና ቤቱ ስንደርስ የቀለጠውን ማቀፊያ ሰውየው ፊት ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። አየው፤ ከዚያ ባሌን አየ።

«ወደ እሱ አትዙር፤ የማናግርህ እኔ ነኝ!»

«መንገድ ሲያናውጠው ብሎኑ ይላላል» አለ።

«ከገጠማችሁት በኋላ ሁለት ጊዜ እጅህ ገብቶበታል። አንድ ቀን ይህን ሽፋን ከፍተህ አይተሃል? አባቴን ልታቃጥልብኝ ነበር!»

ያኔ ባሌ ትከሻዬን ይዞ «ተረጋጊ» አለኝ። ከሰውየው ይልቅ ያናደደኝ ያ ቃል ነው። እጁን ከትከሻዬ ላይ አሽቀነጠርኩት። ሰውየው «በነጻ እንሠራዋለን» አለ። ትሬለራችንን ዳግመኛ እንደማይነካው ነግሬው ወጣሁ።

ወፍራም ገመድና አዲስ ፊውዝ ገዛሁ። አባቴ ወንበር አስመጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ጨምሪ፣ ገና ነው… አሁን በቃው» እያሉኝ ብሎኑን በቺያቤ አጠበቅኩት። እንደገና ስለካ ልዩነቱ ከምንም የማይቆጠር ሆነ። የኦክስጅኑን ማሽን ሰካን፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንዴም ሳይጮህ ሠራ። አባቴ አጠገቡ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ባሌ በር ላይ ቆሞ «አየሽ፣ ተሠራ እኮ» አለኝ።

«አልተሠራም፤ ሠራሁት» አልኩት።

ይቅርታ የጠየቀኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ እሱም «ተረጋጊ» ስላለኝ ብቻ። ስለ ሳቁ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረም።