የዳክዬዎቹ ክዳን

አማርኛ አውቃለሁ ብዬ የኮራሁት ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ፣ እስከ ዛሬም፣ ሰው በአማርኛ ሲያናግረኝ በየትኛው ጆሮዬ እንደምሰማው እርግጠኛ አይደለሁም።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው አስመራ፣ ቃሓውታ በሚባል ሰፈር ነው፤ በአንድ ግቢ ሦስት ክፍል ለእኛ፣ ሁለት ክፍል ለተከራይ። ትግርኛ ከመማሪያ መጻሕፍታችን ወጥቶ አማርኛ የገባበት ዘመን ስለነበር ከአዲስ አበባ የሚላኩ አስተማሪዎች ብዙ ነበሩ፤ ተከራያችንም አንዱ ነው። ሚስቱ የደብረ ዘይት ልጅ ናት፤ ያደገችው ሐይቅ ዳር ነው። አስመራ ላይ ሐይቅ ከየት ይመጣል? ጓዙን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚገባ አንድ ጣሊያን አራት ዳክዬ ገዛች። ጓሮ ውስጥ ቁመቱ ጉልበት የሚደርስ የጡብ በረት አሠራችላቸው፤ በአሮጌ ሳፋ ውሃ አቀረበችላቸው። በቃ፣ ሐይቋ ይኸው ነበር።

እናቴ አማርኛ አታውቅም፤ ሴትየዋ ትግርኛ አታውቅም። በመካከላቸው እኔ ነበርኩ። በክፍሌ በአማርኛ አንደኛ ስለወጣሁ ችሎታዬን የተጠራጠረ አልነበረም፤ እኔማ ጭራሽ።

ሐምሌ ላይ የአስተማሪው አባት ታመሙ ተባለና ባልና ሚስት ለሁለት ሳምንት ሊሄዱ ተነሡ። ሻንጣው ማኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ሴትየዋ ተመልሳ እኔንና እናቴን ወደ ጓሮ ወሰደችን። ጠዋቱ ብራ ነበር፤ ዳክዬዎቹ ሳፋው ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። መደበር በሚባለው የብረታ ብረት ገበያ ያለ ቀጥቃጭ ከበርሜል ጠፍጥፎ የሠራላት ሰፊ ቆርቆሮ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። እሷ ግን ወደ ቆርቆሮው አልጠቆመችም፤ ዓይኗ ዳክዬዎቿ ላይ ነበር።

«ቀን ቀን ጭልፊት እንዳይወስዳቸው ከአጠገባቸው ሰው አይጥፋ። ዝናብ ሲያስገመግም ክዳናቸውን እንዳትረሱ። ሲመሽም እንደዚያው፤ ሸለምጥማጥ አለ። የኔ ልጅ፣ ለእናትሽ በደንብ ንገሪያት። አደራ!»

«እንታይ ኢላ?» አለች እናቴ፤ ምን አለች ማለቷ ነው።

ጭልፊቱን ተረጎምኩላት። ከዚያ ክዳን ላይ ደረስኩ። በእኛ ቋንቋ ክዳን ማለት ልብስ ነው። ክዳንሽን እጠቢ፣ ክዳንሽን ቀይሪ ሳልባል የዋልኩበት ቀን የለም። ሸለምጥማጥ የሚለውን ደግሞ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። አንደኛ ለወጣች ልጅ ግን አላውቅም ማለት ሞት ነው። ቃሉ ራሱ የሚያንቀጠቅጥ ስለመሰለኝ የብርድ ዓይነት ነው አልኳት። አደራን መተርጎም አላስፈለገኝም፤ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው።

እናቴ ዓይኗን አፈጠጠች። «ክዳን? ደርሆ ማይ ክዳን ይኽደና ድየን?» ዳክዬ ደግሞ ልብስ ይለብሳል ወይ?

የአገራቸው ልማድ ይሆናል አልኳት። ማኪናው ጥሩምባውን ነፋ፤ ሴትየዋ ጉንጫችንን ስማ ሮጠች።

እናቴ ነገሩን ሁለት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ከረመች። በሦስተኛው ቀን ሣጥኗን ከፍታ የታላቅ ወንድሜን ቡናማ ሹራብ አወጣች። ወንድሜ ከስድስት ወር በፊት፣ ለሥራ እንደሚሄድ ሰው ማለዳ ወጥቶ አልተመለሰም። ያኔ እንዲህ የወጣ ልጅ በረሃ፣ ታጋዮቹ ዘንድ እንደገባ ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። እናቴ ያንን ሹራብ በየቅዳሜው ፀሐይ ላይ እያሰጣች መልሳ ታጥፈው ነበር። አሁን ሁለቱን እጅጌዎች ቆረጠቻቸው፤ እያንዳንዱንም ለሁለት ከፈለችው። አራት ዳክዬ፣ አራት ካባ። እኔ አፌን ከፍቼ ሳያት «እጅጌ ይተካል፤ ሓደራ ግን አይተካም» አለችኝ በትግርኛ።

ዳክዬ ማልበስ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። አንዱን ስናስር ሌላው ፈትቶ ይጥላል። ሆኖም እናቴ ደመና ባየች ቁጥርና ፀሐይ በጠለቀች ቁጥር አንድም ቀን ሳታጓድል አለበሰቻቸው። ቆርቆሮውንም ሥራ አልፈታንበትም፤ የሱዋ፣ የጠላችን ማለት ነው፣ ብቅል አሰጣንበት። ምን ያህል ለብቅል የሚመች ነገር ነው እያልን እናደንቀው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ዳክዬዎቹን አለበስንና ቆርቆሮውን ከነብቅሉ ተሸክመን ወደ ቤት አስገባነው። ወዲያው በረዶው ወረደ። ዳክዬዎቹ ጣሪያ በሌለው በረት ውስጥ ካባቸውን እየጎተቱ ይራወጣሉ፤ ሱፉ ውሃ ጠጥቶ ከብዷቸዋል። ወደ ቤት እናስገባቸው ብላት እናቴ እምቢ አለች፤ የታዘዝነው ልብስ ነው፣ ከራሳችን አንጨምርም አለች። ከዚያ ወጥታ ነጠላዋን ዘርግታ በላያቸው አጎነበሰች፤ በረዶው ጀርባዋን ሲደበድባት በመስኮት አየሁ። አለቀስኩ። ልብሱ ለምን እንዳላዳናቸው ለሁለታችንም አልገባንም። እሷ ስስ አድርጌ ስለሰፋሁት ነው ብላ ራሷን ወቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት ዳክዬዎቹ ሦስት ናቸው። አጥሩ ሥር ላባ ተበትኗል፤ አንዱ ካባ ደም ነክቶት ወድቋል።

«ቁሪ ደም ኣለዎ ድዩ?» አለችኝ እናቴ። ብርድ ደም አለው እንዴ?

ሴትየዋ እስክትመጣ ድረስ እናቴ እህል በወጉ አልበላችም። አደራ በላ መባልን ነበር የፈራችው።

መጣች። ሦስት ዳክዬዎች ቡናማ ካባ ለብሰው ሲንቀዋለሉ አይታ በረቱ ጠርዝ ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ከዚያ ቆጠረቻቸውና ሳቋ ጠፋ። እናቴ ደም የነካውን እጅጌ በሁለት እጇ አቀረበችላት። ሴትየዋ እያገላበጠች አየችው፤ ቀና ስትል በራችን ላይ ብቅል የተሰጣበትን ቆርቆሮ አየች። ሄዳ በጣቷ አንኳኳችው።

«ክዳን ያልኩሽ ይህን ነበር እኮ፣ የኔ ልጅ» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም።

ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። «ድስቱ ክዳን አለው» ብዬ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁ ልጅ ነኝ።

«እንታይ ኢላ?» አለች እናቴ።

«የቐንየለይ ትብለኪ ኣላ።» አመሰግናለሁ ትልሻለች አልኳት።

የእናቴ ፊት ፈታ አለ። «ገንዘብኪ» ብላ መለሰች፤ እኛ ዘንድ ምንም አይደል የምንልበት ቃል ነው። ሴትየዋ ገንዘብ የሚለውን ብቻ ሰማችና ደንግጣ ቦርሳዋን ከፈተች። ያንን ወዲያው አስረዳኋት፤ «ገንዘብ አልጠየቀችሽም እትዬ፣ ምንም አይደለም ማለቷ ነው» አልኳት። ይችን ለማቃናት አንደበቴ እንዴት እንደፈጠነ! ሌላኛውን ግን እንደጎበጠ ተውኩት። ለእናቴ አዝኜ ነው ወይስ ለአንደኝነቴ ሳስቼ? ሁለቱንም ለራሴ ስናገር ኖሬአለሁ፤ ዛሬም ግራ ይገባኛል።

በዚያው ቀን እናቴ አራቱን ቁራጭ አጥባ ሹራቡ ላይ መልሳ ለመስፋት ተቀመጠች። ሱፉ ስለገባ እጅጌዎቹ አጠሩ፤ የአንዱም ደም ጨርሶ አልለቀቀም።

«ሓውኪ እንተመጸ እንታይ ክንብሎ ኢና?» አለችኝ። ወንድምሽ ሲመጣ ምን እንለዋለን?

ዳክዬዎቹ በርዷቸው ነበር እንለዋለን አልኳት። ጥቂት አሰበችና ተስማማች። ያንን መልስ ይዘን ብዙ ዓመት ጠበቅን፤ መጥቶ የጠየቀን የለም።