የአጎቴን የጌም ማሽን ለምን እንደጠገንኩ

በቤተሰባችን ውስጥ በእኔ ላይ ብቻ የሚቀለድ አንድ ቀልድ ነበር። ወጥ ካረረብኝ «መብራት ጠፍቶባት ነው» ይባላል። ታክሲ አጥቼ ካረፈድኩም «መብራት ጠፍቶባት ነው»። ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅኩበት ዕለት እንኳ የአጎቴ ልጅ በእንግዶቹ ፊት ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፣ «መብራት ባይጠፋባት ኖሮ ሜዳልያም ታመጣ ነበር!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ዓይነ አፋር ሰው ሲቀለድበት ሌላ ምን ያደርጋል። ፈገግ እያልኩ ግን ይህን ነገር አንድ ቀን እንደማስከፍለው ለራሴ ነገርኩት።

ቀልዱ የተወለደው በአጎቴ ጆተኒ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በጋቢና በነጠላ ሱቆች መካከል ነበር። ከሁለቱ የጆተኒ ጠረጴዛዎች ጀርባ፣ ጥግ ላይ፣ ቁም ሣጥን የሚያክል፣ ሳንቲም ሲጎርስ የሚነሳ የጌም ማሽን ቆሞ ነበር። ከላይ እየተግተለተሉ የሚወርዱ መርከቦችን ከታች ሆኖ መተኮስ ነው ጨዋታው። ሴት ልጅ እዚያ ቤት አትገባም። እኔ የምገባው ለአጎቴ ምሳ ሳደርስ ነበር፤ እሱም ሰሃኑን እስኪጨርስ ድረስ አንድ ዙር በነፃ ያስጫውተኝ ነበር። ወንዶቹ ሲጫወቱ ቆሜ ስለማይ መርከቦቹ በየት በኩል እንደሚመጡ በቃሌ ይዤው ነበር። ይህን ማንም አያውቅም፤ የጠየቀኝም የለም።

የአጎቴ ልጅ ከእኔ በአራት ዓመት ይበልጣል፤ የሰፈሩ አንደኛ እሱ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አጎቴ በር ላይ ከሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ፣ ልጆቹ ሊስቁ ብለው ከእሱ ጋር አጋጠሙኝ። መጀመሪያ እሱ ተጫወተና ነጥቡ መስታወቱ አናት ላይ ተጻፈ። ቀጥሎ ተራዬ ሆነ። ልጆቹ ጥቂት ከሳቁ በኋላ ወደ መስታወቱ ተጠጉ። ነጥቡ ላይ ልደርስ አንዲት መርከብ ስትቀረኝ ምስሉ ተኮማትሮ ነጭ ነጠብጣብ ሆነና ጠፋ።

«መብራት ጠፋ!» አለ የአጎቴ ልጅ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ስፒናው አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ።

አዲስ አበባ ነውና ማንም አልተጠራጠረም። ልጆቹ «ኧረ!» እያሉ ተበተኑ። ግን ከጎናችን የጥልፍ ሱቅ ነበረ። በመብራት የሚሠራው የጥልፍ መኪናቸው ድምፅ አላቋረጠም፤ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል። «የጥልፍ መኪናው እየሠራ ነው» አልኩ በቀጭን ድምፅ። አጎቴ ገባና ምን ሆናችሁ ሲል ልጁ ቀደመኝ፤ «መብራት ሲጠፋባት እኔ ላይ ታለቃቅሳለች። ልትሸነፍ ስትል ነው እኮ፣ አባዬ!» አለ። አጎቴ ሳቀና ባዶውን ሰሃን አስያዘኝ። እቤት ደርሼ ለእናቴ ነገርኳት። «በሰው ላይ አትዋሺ» አለችኝ። የጎዳኝ መሸነፌ አልነበረም። ውሸታም ተብዬ ማደጌ ነው።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ጓሮውን ሲያጸዳ ማሽኑን ከከሰል ጆንያ ሥር አገኘው። ጆተኒ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። «ለማገዶ ልፈልጠው ነው» ሲል ሰማሁና እንዲሰጠኝ ለመንኩት።

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ለትዝታ» አልኩ። ዋሸሁ፤ ለዚህኛው ውሸት አልጸጸትም።

በጭነት መኪና ሲመጣ ጎረቤቶች ቁም ሣጥን ገዛችሁ ወይ ብለው ጠየቁን። የታችኛው እንጨቱ በእርጥበት በስብሶ ስለነበር አናጢ አዲስ ኮምፔንሳቶ ቆርጦ ገጠመልኝ። ጎንና ጎኑን ራሴ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ እንደ ድሮው ቀይና ቢጫ ቀባሁት። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ስለሆነ የውስጡን ሰው አላስነካሁም። ምስሉን የሚያወጣው የድሮ ቴሌቪዥን ቱቦ ተነቅሎ ዓመታት ቢቀመጥም ኃይል ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካቴ በፊት ካቻቪቴ ላይ ሽቦ አስሬ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ኃይል አፈሰስኩት። ቦርዱ ላይ አይጥ ወልዳበት ነበር። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረግኩት፤ ያበጡትን ካፓሲተሮች ነቅዬ አዲስ በየድኩ። ሲሰለቸኝ ያን የምረቃ ዕለት ብርጭቆ አስታውሳለሁ፤ ወዲያው እጄ ይበረታል።

ከብዙ ድካም በኋላ አንድ እሑድ ቀጭን መስመር መስታወቱ ላይ ወጣ። መስመሩ ሰፋና መርከቦቹ መጡ። ከእነሱ ኋላ ደግሞ የጨዋታው ስም ደብዝዞ ይታያል፤ አጥፍቼውም አልሄደም። አጎቴ ማሽኑን ከጠዋት እስከ ማታ አብርቶ ስለሚያቆየው ያው ጽሑፍ መስታወቱን አቃጥሎት ኖሯል። እንዲህ ዓይነት ቱቦ ላይ አንድ ምስል ለረጅም ጊዜ ከቆመ ጠባሳው አይለቅም። ቱቦ የሚወድ ሰው አንድን ምስል አያቆይም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ ለማሽኑ ጤና አያስፈልግም ነበር። ኮምፒውተር መብራት ሲጠፋ እንዳይዘጋ የሚያደርግ ያገለገለ ዩፒኤስ ገዛሁና ከማሽኑ ሆድ ውስጥ፣ ከታች፣ ደበቅኩት። ዩፒኤስ መብራት ሲቋረጥበት ጢጥ ጢጥ ይላል። ከፍቼ የሚጮኸውን ነገር ነቅዬ ጣልኩት። ቀይ ፕላስተር የተለጠፈበትን የድሮውን ጥቁር ገመድ ሳልቀይር ስፒናውን ግድግዳው ጥግ ሰካሁት፤ አጠገቡ በርጩማ አኖርኩ። ልክ እንደ ጆተኒ ቤቱ። ቀን ከሌት የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባይነቅለውስ? ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ሥራ አለው፤ ሊያገባ ነው። ባሸንፈው «ጎበዝ» ብለውኝ ያልፋሉ። እኔ የምፈልገው ግን ያን እጅ እንዲያዩት ነበር።

የእንጦጦ ማርያም ንግሥ ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ ዘመዶቻችን ቁልቁል ሲወርዱ እኛ ቤት ጎራ ብለው ይበላሉ። በዚያ ዕለት አጎቴ መጣ፤ ልጁም እጮኛውን ሊያስተዋውቅ ይዟት መጣ። እጮኛው እንደምትመጣ አስቀድሜ አውቅ ነበር። ቀኑን የመረጥኩትም አውቄ ነው።

«እንዴ! እንዴ! የእኔን ማሽን ከመቃብር አወጣሽው?» አለ የአጎቴ ልጅ፣ ገና ከበሩ። «ነይ እይ የኔ ቆንጆ፣ እዚህ ላይ እኮ ንጉሥ ነበርኩ!»

«ይሠራል?» አለ አጎቴ፣ ቀዩን ቀለም በእጁ እየዳሰሰ።

«ይሠራል» አልኩ። ከዚያ ወደ ልጁ ስዞር ለዓመታት የተለማመድኩት ዓረፍተ ነገር ከአፌ ወጣ። «ከፈለግክ አብረን እንጫወት።»

«ከአንቺ ጋር? መብራት እንዳይጠፋብሽ!»

ሁሉም ሳቁ። እናቴ ሰሃን እያነሳች ሳቀች። ደመና ስለነበር የሳሎኑ አምፖል በርቷል፤ ጎረቤትም የመዝሙር ቴፕ ተከፍቷል።

መጀመሪያ እሱ ተጫወተ። እውነቱን ለመናገር እጁ አልረሳም። ነጥቡ አናት ላይ ሲጻፍ እጮኛው አጨበጨበችለት። «በይ እንግዲህ፣ ኢንጂነሯ!» አለና በርጩማው ላይ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ተቀመጠ።

እኔ ያዝኩ። መርከቦቹ በድሮው መንገዳቸው መጡ። መጀመሪያ ላይ ከኋላዬ ይቀልድ ነበር፤ «ግራሽን! ግራሽን እይ! አለቀላት!» ይላል። ነጥቤ እየቀረበው ሲሄድ ቀልዱ እየሳሳ መጣ፤ በኋላም ቆመ። አልዞርኩም። ገመዱ ወለሉን ሲጠርግ ሰማሁ።

«ውይ! መብራት ጠፋ!»

መስታወቱ ጭራሽ አልተርገበገበም። መርከቧን መታኋት፤ ነጥቤ ከነጥቡ በላይ ወጣ። እጮኛው ቀልዱን ስለማታውቅ ነው መሰለኝ በየዋህነት ጠየቀችው።

«መብራት አለ እኮ። ለምንድን ነው የነቀልከው?»

ያኔ ዞርኩ። አምፖሉ ከራሱ በላይ ይበራል። ስፒናው በእጁ ነው።

«እ... ማለቴ... ቀልድ ነው እኮ፣ በቃ» አለ።

አጎቴ ስፒናውን አየ፤ ማሽኑን አየ፤ ከዚያ እኔን። «ያኔም እንዲህ ነበር?» አለ።

«አዎ፣ አጎቴ። ያኔም የጥልፍ መኪናው እየሠራ ነበር።»

«አባዬ፣ የልጅነት ነገር እኮ ነው!»

«ልጅነት?» አለ አጎቴ። «በምረቃዋ ዕለት ይህንኑ ስትል የሰማሁት አንተን አይደለም?»

እናቴ ሰሃኑን አስቀመጠች። እኔን አላየችኝም። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ «ምነው ልጄ፣ መብራት ጠፋብህ?» አለችው። እጮኛው ሳይቀር ሳቀች። ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አቃተው። እኔ ስንት ዓመት ያደረግኩትን እሱ አንዴ ማድረግ አቃተው። ቡና ሳይፈላ ሄዱ።

ማምሻውን እናቴ አጠገቤ ቆማ፣ «አላመንኩሽም ነበር» አለች። «አዎ» አልኳት። አላጽናናኋትም።

ማሽኑ ሲጠፋ ነጥቡን አይዝም፤ ሁሉ ነገር ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ አላጠፋሁትም። ስፒናውን መልሼ ሰክቼ የነጥቡ ገጽ ላይ አቆምኩት፤ የእኔ ከላይ፣ የእሱ ከታች። እናቴ ሳሎን ባለፈች ቁጥር «ኧረ አጥፊው» ትላለች። ነገ አጠፋዋለሁ እላታለሁ። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ይሸከመዋል፤ ሲመጣ ይሞላል። የአጎቴ ልጅ በስልክ ይቅርታ ብሎኛል። ሰምቻለሁ አልኩት። ይቅር ብያለሁ አላልኩም፤ ይቅር አላልኩምና።

ወራት ካለፉ በኋላ መብራት ሄዶ ቀኑን ሙሉ ሳይመጣ ቀረ። የዩፒኤሱ ባትሪ አለቀና ምስሉ እንደ ድሮው ተኮማትሮ ነጠብጣብ ሆነ፤ ጠፋ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ በመስኮቱ ብርሃን መስታወቱን ከጎን አየሁት። ከአጎቴ ዘመን ጠባሳ በታች ሁለቱ ቁጥሮች ደብዝዘው ተቃጥለዋል። ያን የሚያህል የደከምኩበትን ቱቦ በገዛ እጄ አበላሸሁት። የትኛው ከላይ እንደሆነ ለማረጋገጥ ጎንበስ ብዬ ደግሜ አየሁና መጋረጃውን መለስኩ።