ግማሽ ኪሎ በርበሬና የጋሽ ክፍሎም ሽጉጥ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሄለን ከዋይት ሲቲ መጣችና ሶፋዬ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። እሷም እንደ እኔ የውድድር ሽጉጥ ትወዳለች፤ በታመቀ አየር የሚተኩሰውን ማለቴ ነው፣ እውነተኛው እዚህ እንግሊዝ አገር ክልክል ነው። ስልኩ ላይ ሦስት ዓይነት የሽጉጥ ምላጭ ተደርድሯል።

«አባዬ፣ ምላጩን አፕግሬድ ላደርግ ነው። ይሄኛው በጣም ላይት ነው። ኦርደር ላድርገው?»

«ስንት ብሎን አለው?» አልኳት።

«ምን?»

ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ ከጋሽ ክፍሎም የወሰድኩት ነው።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን ገብቼ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ጎረምሳ ነበርኩ፤ ማለትም አርባ ስምንት ዓመቴ። ሰው አገር ሲቀይር ዕድሜውን ከዜሮ ይጀምራል የሚል የራሴ ሕግ አለኝ፤ በዚያ ሂሳብ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርኩ፣ ጠባዬም ይመሰክራል። ሂትሮው አየር ማረፊያ ወለል እወለውላለሁ፤ ሃርልስደን አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን እርጥብ ምንጣፍና የተቃጠለ ቶስት የሚሸት አዳራሽ ውስጥ አሥር ሜትር ርቀት ላይ ያለች ወረቀት ላይ እተኩሳለሁ። ቡድናችን ሦስት ሰው ነው፦ እኔ፣ ጡረታ የወጣችው የአውቶቡስ ሾፌር ማርጋሬት፣ እና ጋሽ ክፍሎም።

ጋሽ ክፍሎም ሰባ ዓመት የሞላቸው ኤርትራዊ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። አማርኛን ትምህርት ቤት ስለተማሩት ከእኔ አማርኛ የእርሳቸው ይጠራል፤ ይህን በየሳምንቱ ያስታውሱኛል። በዚያ መከር ዓይናቸው እየደከመ ነበርና፣ የኅዳሩ ውድድር የመጨረሻዬ ነው አሉን። የቡድን ነጥብ የሚያዘው ሦስታችንም ከተኮስን ብቻ ነው። አንዱ ከጎደለ ቡድን የለም።

እኔ ደግሞ ጥይቴ ሁሉ ወደ ግራ ታች ይሄድብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው ላለማለት ምላጩን ወነጀልኩ። ካታሎግ አገላብጬ ከሁሉም ቀላሉንና የሚያብረቀርቀውን አዝዤ እንደ ሙሽራ ቀለበት ይዤው ሄድኩ።

«ስንት ብሎን አለው?» አሉ ጋሽ ክፍሎም።

«ስድስት! ሁሉም ይስተካከላል።»

«እንግዲያው የሚላላ ነገር ስድስት ገዝተሃል። ስማ አስናቀ፣ ደህና ምላጭ ማለት ቀላል ማለት አይደለም። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ክብደት ሲለቅ ነው። የድሮውን ምላጭህን ሞላ ብቻ ቀይር፣ ይበቃሃል። ይሄንንም ከወደድከው መቶ ጊዜ ባዶውን ሳበው። መቶውም አንድ ዓይነት ከሆነ እመነው።»

አሥራ አንድ ጊዜ ስቤ ሰለቸኝ።

ደንቡ ምላጭ ከግማሽ ኪሎ በታች እንዲለቅ አይፈቅድም። ዳኛው አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ ግማሽ ኪሎ ብረት ምላጩ ላይ ያንጠለጥልና ከጠረጴዛው ያነሳዋል፤ ምላጩ ከያዘ አለፍክ፣ ከለቀቀ ወደቅክ። እኔ ብረቱ ስለሌለኝ እህቴ ከአዲስ አበባ የላከችልኝን የግማሽ ኪሎ በርበሬ ፌስታል በሲባጎ አስሬ አንጠለጠልኩ። ያዘ። እንደገና ትንሽ አላላሁት፤ ያዘ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ከዚያው ፌስታል ሳምንቱን ሙሉ ወጥ ስሠራበት መክረሜ ትዝ አላለኝም። በሕይወቴ ሚዛኑን የበላሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በውድድሩ ቀን በጋሽ ክፍሎም አሮጌ መኪና ከሂትሮው ማዶ ወዳለ የስፖርት አዳራሽ ሄድን። ዝናቡ መስታወቱን ይገርፋል፤ ባለቤታቸው የጋገሩት ሕምባሻ ጭኔ ላይ ገና ይሞቃል፣ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ መኪናውን ሞልቶታል። ስንደርስ የእርሳቸውና የማርጋሬት ሽጉጥ አለፈ። የእኔ ተራ ሲደርስ ብረቱ ገና ከጠረጴዛው ሳይነሳ ምላጩ ጠቅ አለ። ዳኛው ደገመ፤ ጠቅ። ጥግ ይዤ በካቻቪቴ አጠበቅኩት። አንዴ ያዘ፣ ቀጥሎ ለቀቀ። ስድስቱ ብሎኖች በየራሳቸው ሐሳብ ይኖራሉ።

«በምን መዘንከው?» አለችኝ ማርጋሬት። ነገርኳት። በርበሬ ምን እንደሆነ እስካስረዳት ሳቋን አላቋረጠችም። እኔ ግን ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፤ የሽማግሌውን የመጨረሻ ውድድር አበላሽቼባቸዋለሁ።

ጋሽ ክፍሎም የመጀመሪያው ዙር ላይ ተኩሰው ነበር። ያቺን ሽጉጥ ማንም እንዲነካት አይፈቅዱም፤ እጀታዋን በገዛ መዳፋቸው ልክ በሞረድ የቀረጹት ራሳቸው ናቸው። ላባቸውን እየጠረጉ መጡና አንድ ቃል ሳይቆጡ ዘረጉልኝ።

«እንካ። ሁለተኛው ዙር ሊጀምር ነው።»

«ጋሽ ክፍሎም፣ የእርስዎን እንዴት…»

«ያዝ እንጂ! ኤርትራዊ ለኢትዮጵያዊ ሽጉጥ በእጀታው በኩል ሲያቀብል ዛሬ አየህ።»

ሁለቱ አገሮቻችን ከተዋጉ ብዙ አልቆየም ነበር። ሁለታችንም ሳቃችን አመለጠን፤ ማርጋሬት ምን እንዳሳቀን አልገባትም።

እጀታው ጠበበኝ፣ አውራ ጣቴን ቆረቆረኝ። ምላጩ ግን ስስበው እስከ አንድ ቦታ ድረስ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ይለቃል። እንደገናም እዚያው። ከሃያኛው ጥይት በኋላ መፍራት አቆምኩ። ጥይቴ አሁንም ወደ ግራ ታች ይሄዳል፤ ጥፋተኛው ማን እንደነበር ያኔ ተረጋገጠ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣን፤ የሦስታችንም ስም ግን ዝርዝሩ ላይ ነበር። ጋሽ ክፍሎም ወረቀቱን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

ለሄለን ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሦስቱንም ትታ አንድ ሞላ አዘዘች። እሷ ስትሄድ፣ ጋሽ ክፍሎምን ስለ ሽጉጡ በደንብ አመስግኛቸው እንደማላውቅ ገባኝና ደወልኩላቸው። ዘጠና ሊደፍኑ ነው፤ ጆሯቸው ደክሟል፣ መርሳትም ጀምረዋል።

«ሽጉጤን? ለአንተ?» አሉ። «አላደርገውም!»

«አድርገውታል። ዝናብ ነበር። ባለቤትዎ ሕምባሻ ጋግረውልን ነበር።»

 

«እንግዲያው ደህና ሰው ነበርኩ ማለት ነው» አሉ፣ ወሬውን ገና አሁን እንደሰማ ሰው።

«ነዎት እንጂ፣ ጋሽ ክፍሎም» አልኳቸው፤ እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት።