ከበሩ ጀርባ ያለው ቅል

ዛሬ ጠዋት ልጄ ዓይን ዓይኔን ሳታይ ከበሩ ጀርባ አዲስ ቅል ሰቀለችልኝ። ምሬቱ ያልለቀቀው ቅል ሲሸተኝ የአባቴ ቤት ትዝ አለኝ።

ቤተ መንግሥቱ ገና አንኮበር ሳለ ነው። የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። ቄሱ አባቴ የባረከው ጽዋ ከሰው ሰው እየዞረ ደም የሚያስላት አክስቴ ዘንድ ደረሰ። እጇን ስትዘረጋ እናቴ ጽዋውን ወደሚቀጥለው ሰው አሳለፈችና፣ «ለእሷ በቅሏ ቅጂላት» አለችኝ። ከበሩ ጀርባ ለብቻዋ የተሰቀለላትን ቅል አወረድኩ። ጠላውን ቀድቼ ሳቀብላት አክስቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ «እናትሽ ደግ አደረገች» አለችኝ። እውነቷን መስሎኝ ደስ አለኝ።

አሁን ሳሉ እኔንም ይዞኛል። ልጄ በአዲሱ ቅል ጠላ ስታቀርብልኝ፣ «ደግ አደረግሽ» አልኳት። እጄ ግን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቦት ነበር።