ነዚል ይመር

የታዳጊዎች ማረሚያ ሠራተኞች ማኅበር እስረኛ ብሎ ጻፈኝ። በአደባባይ፣ በማኅተም፣ ሰው እያጨበጨበ። በደል ማለት ይሄ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው የሆነው። እዚህ ሳዑዲ፣ ጂዛን ከተማ፣ ጥፋት ያጠፉ ታዳጊዎች በሚቆዩበት ማረሚያ ቤት፣ አሥራ ሰባት ዓመት ምግብ አብስያለሁ። የምኖረውም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በተሰጠችኝ አንዲት ክፍል ነው። የእንዲህ ያሉ ቤቶችን ሠራተኞች የሚያሠለጥንና የሚደግፍ ማኅበር አለ፤ ጠባቂውንም፣ አስተማሪውንም፣ ልብስ አጣቢዋንም በአባልነት ይይዛል። ዘንድሮ ዓመታዊ በዓሉን በእኛ አዳራሽ አደረገ። ከባይሽም፣ ከአር-ሪስም፣ ከአድ-ዳኢር ተራራም ሠራተኞች መጡ። ምሳው የእኔ ነበር... ሩዝ በፍየል ሥጋ።

በበዓሉ ላይ የሚሰጠውን የአባልነት ወረቀት በጣም እፈልገው ነበር፤ አልዋሽም። ኢቃማዬ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሥራዬን «የግመል እረኛ» ይላል። ከፊሌ፣ ያስመጣኝ አሠሪ፣ ያኔ ያገኘው ቪዛ የእረኛ ስለነበር እንደዚያው ቀረ። እኔ ግመል ነክቼ አላውቅም፤ ግመልም እኔን ነክቶኝ አያውቅም። «ይመር፣ የቤቱ ምግብ አብሳይ» የሚል አንድ ወረቀት ሳልይዝ ላልሞት ቆርጬ ነበር።

ዐረብኛ ማንም አላስተማረኝም። ከሩዝ ጆንያና ከበር ላይ ጽሑፍ ፊደል ለቅሜ ነው የቻልኩት። እስከ ዛሬ ለእኔ ወረቀት የሞላልኝ ሰው የለም፤ አይኖርምም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ኡስታዝ ሙሳ መድረክ ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። ሠራተኛ ሲጠራ አረንጓዴ ወረቀት ይቀበላል። ሙያ ተምረው የጨረሱ ታዳጊዎች ደግሞ ቢጫ። «ይመር!» ሲል ወጣሁ።

ቢጫ ሰጠኝ።

መነጽሬን አደረግሁና እዚያው ማይኩ አጠገብ አነበብኩት። «ነዚል ይመር፣ በማረሚያ ቆይታው መልካም ጠባይ ስላሳየና ምግብ ማብሰል ስለተማረ...»

ስለተማረ! እኔ!

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«መብሩክ፣ ያ ዓሚ» አለኝ፤ እንኳን ደስ አለህ አጎቴ ማለቱ ነው፤ ቀና ብሎም አላየኝ፣ ቀጣዩን ስም እየፈለገ ነው።

«መብሩክህን ያዝ። እኔ እስረኛ ነኝ?»

ወረቀቱን ተቀብሎ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ማይኩ ክፍት ስለነበር አዳራሹ ሁሉ ሰምቷል። መጀመሪያ ታዳጊዎቹ ሳቁ፤ ከዚያ ጠባቂዎቹ።

«ያ ዓም ይመር፣ ስንት ዓመት ፈረዱብህ?» ብሎ አንዱ ጠባቂ ከኋላ ጮኸ።

«አሥራ ሰባት፣ ከነሩዙ!» መለሰለት ሌላው።

ኡስታዝ ሙሳ እጄን ያዘኝ። «ኸላስ፣ በቃ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እናስተካክለዋለን። አሁን ውረድ፤ እንግዶች ርቧቸዋል።»

«ሳይስተካከል አልወርድም።»

«ምሳው ይቀዘቅዛል።»

«ምሳው ተቆልፎበታል።» የወጥ ቤቱን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁትና መልሼ ከተትኩት።

ይሄኔ የአገሬ ልጅ፣ ልብስ አጣቢያችን እታገኝ፣ ከፊት ወንበር ላይ ሆና በአማርኛ ጮኸችብኝ። «ጋሽ ይመር፣ ኧረ በእመብርሃን! ሰዎቹ ከተራራ ወርደው ነው የመጡት፤ በረሃብ ሊፈጇቸው ነው?»

«ይራቡ። እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ወረቀት ርቦኛል።»

«እንኳን እረኛ አልሆኑ! ግመሉ በእልህ ይሞት ነበር!»

ኡስታዝ ሙሳ ላቡን ጠረገ። «ይህን የሠራ ሰው ይጠየቃል» አለኝ።

«ይጠየቅ! እዚሁ፣ በሁሉ ፊት!»

ፋይሉን አስመጣና የእኔን የምዝገባ ቅጽ አወጣ። ቅጹን አየ። እኔን አየኝ። እንደገና ቅጹን አየ። ከዚያ ማይኩን በእጁ ሸፍኖ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ያ ዓሚ... ይሄ ጽሑፍ የማን ነው?»

የእኔ ነው። ሰው እንዳይሳሳት ብዬ በትልልቁ የጻፍኩት።

ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን ነበረ፤ «ሠራተኛ» እና «ነዚል»። ጂዛን እንደመጣሁ ሆቴል አጸዳ ነበር፤ እዚያ ነዚል የሚባለው ክፍል ይዞ የሚያድር ሰው ነው። የእኛ ሠራተኞች ሲመሽ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ ክፍል ይዤ ግቢ የማድር እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ነዚል ላይ ምልክት አደረግሁ። በማረሚያ ቤት ወረቀት ነዚል ማለት እስረኛ እንደሆነ በምን ልወቅ? እኛ ግቢ ልጆቹን ሁሉም ሰው «ሸባብ»፣ ማለት ወጣቶች፣ ነው የሚላቸው። ዝቅ ብሎ «ሙያ» ለሚለው ደግሞ «ምግብ ማብሰል» ብያለሁ... እና ምን ልበል?

«እኔ አልተሳሳትኩም» አልኩት በቀስታ። «ዐረብኛው ነው የተሳሳተው።»

ኡስታዝ ሙሳ አየኝ። ጢሙ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቁን ነው የያዘው። ከዚያ እጁን ከማይኩ ላይ አነሣ።

«ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ስህተቱ የማኅበሩ ነው። ዓም ይመርን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ባዶ አረንጓዴ ወረቀት ስቦ በእጁ ጻፈበት፤ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታበትና ጮክ ብሎ አነበበው። «ይመር፣ የዚህ ቤት ምግብ አብሳይ፣ የማኅበራችን አባል!» አዳራሹ ከመቀመጫው ተነሣ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨቡት ሸባቦቹ ናቸው፤ የእኔን ሩዝ ከእነሱ በላይ ማን ያውቀዋል?

ወጥ ቤቱን ከፈትኩ። ምሳው አልቀዘቀዘም ነበር።

ከምሳ በኋላ ጨው ልገዛ ስወጣ የበሩ ጠባቂ መንገዴን ዘጋ። «ነዚል ያለ ፈቃድ አይወጣም!» አረንጓዴውን ወረቀት አፍንጫው ሥር ዘረጋሁለት። ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈኝ።

እታገኝ ግን እስከ ዛሬ አልተወችኝም። «ጋሼ፣ ቆይ ግን... ያን ቅጽ የሞላው ማን ነበር?»

ስህተቱ የማኅበሩ ነው ተብሏል፤ በማይክ ተብሏል። ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልናገርም።