አግዳሚው ወንበር የሞላበት ቀን

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ጅማ ውስጥ የአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ማኅበሩ በዕድሜ ይበልጠኛል። ጣልያን እንደወጣ ያቋቋሙት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ሄደው፣ አዳራሹ ውስጥ ካሉት ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች አንዱ ባዶውን ቀርቶ ነበር። እኔ ከሸዋ የመጣሁ፣ ታይፕ መምታት የማውቅ ጎረምሳ ነኝ፤ ከዚያ በላይ የሚታወቅ ነገር ያለም አይመስለኝም ነበር።

ሊቀ መንበሩ ከከተማው በላይ ያለው የጅሬን ኮረብታ ሰው ናቸው። አባባ እላቸው ነበር። ስብሰባ በተበተነ ቁጥር ባዶውን ወንበር በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እዚህ ላይ አዲስ ፊት ሳላይ አላህ እንዳይወስደኝ ዱዓ አድርግልኝ» ይሉኛል። ክርስቲያን መሆኔን አልረሱትም፤ ለእሳቸው ጸሎት ሁሉ አንድ ደጅ ነው የሚያንኳኳው።

አባል አመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። በኅዳር፣ ቡናው ሲቀላ፣ መዝገብና የአውራ ጣት ማስፈረሚያ ቀለም ይዤ በጭነት መኪና ሊሙ ገነት ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር። ዋርካ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ስለ ማኅበሩ ስለፈልፍ ሰዉ ከበበኝ። የቀለሙን ክዳን ስከፍት ግን አንድ በአንድ ሹልክ ሹልክ አሉ። ቅርጫት ያዘለች አንዲት ሴት ብቻ ቀረች። ባሏ የሞተባት፣ ጓሮዋ ሙሉ ቡና ያላት መሆኗን በኋላ ነው የሰማሁት።

«ጣታችንን ከወሰድክ በኋላ መሬታችንን የት ልታደርሰው ነው?» አለችኝ።

ቀለሙን ከድኜ ዕቃዬን ሰበሰብኩ።

አባባ ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። «ማሎ፣ ኧረ እባክህ፣ ሰው በቀለም ይጠራል እንዴ! እዚያ አገር ጣት ቀለም የሚያስነክር መሬት ለክቶ የሚነጥቅ ነው። ሰው የሚጠራው በደቦ ነው።»

ሳምንት ሳይሞላ የቀሩትን ሽማግሌዎች አስከትለው፣ እኔንም ጨምረው ሊሙ ወረዱ። ያንን ቀን የሚመልስልኝ ቢገኝ ሌላ ምንም አልጠይቀውም። የዚያችን ሴት ቀይ ቡና ቀኑን ሙሉ ለቀምንላት። እኔ ከፍሬው ጋር ቅጠሉንም ጭራሮውንም እየገነጠልኩ ስጨምር ቅርጫቴን አየችና «ይሄስ ለፍየሎቹ ነው» አለች። ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አባባም እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ጎረቤቱ ነገሩን ሊያይ መጣ፤ መጥቶም ቆሞ አልቀረም፣ ከእኛ ጋር ለቀመ። ስለ ማኅበሩ አባባ ያነሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እሱንም አንዴ ብቻ ነው።

«ማኅበር አለን፤ አርጅተናል» አሉ። «የጥር ስብሰባችን ላይ ኑና ከጎናችን ተቀመጡ። ቡናችንን አብረን እንሸጣለን።»

«ሴትም?» አለች ሴትዮዋ።

«ቡናው ሴት ወንድ ይለያል እንዴ?»

ጥር ሲደርስ አባባ ታመሙ። አልጋ ላይ ሆነው፣ «አንተ አዳራሹን ጠብቅ፤ ሰዎቹ መጥተው በሩ ተዘግቶ እንዳያገኙት» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ እሳቸው ዘንድ ስለነበሩ ብቻዬን ጠበቅኩ። ወንበሩን ወለወልኩ፤ መዝገቡን ገለጥኩ። ረፈደ፤ ቀትር አለፈ፤ ዝር ያለ ሰው የለም። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ለአባባ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ማሰላሰል ጀመርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ቆልፌ ወደ አባባ ቤት፣ ወደ ጅሬን ወጣሁ።

የሊሙን ሰዎች አቀበቱ ላይ ሲወርዱ አገኘኋቸው። ሴትዮዋ ከፊት፣ ከኋላዋ ሃያ የሚሆኑ ወንድና ሴት። አባባ መታመማቸውን ከተማ እንደገቡ ሰምተው አስቀድመው ሊጠይቋቸው ወጥተው ኖሯል። የታመመ ሳይጠይቁ ስብሰባ መቀመጥ ነውር ነው። በእኔም አገር ያው ነው፤ መዝገቤን ታቅፌ ስጎለት ግን ጠፍቶብኝ ነበር።

«እስካሁን አዳራሽ ነበርክ?» አለችኝ ሴትዮዋ፣ አዝናልኝ።

ሮጬ ስደርስ አባባን እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ባለቤታቸው በሹክሹክታ ነገሩኝ። መደቡ ሞልቶ ሰዉ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር አሉ። ትራስ አስደግፈዋቸው፣ አባባ ያንን ሁሉ አዲስ ፊት አንድ በአንድ አዩ። «‹ጸሐፊዬ የታለ? ጥሩት፣ ይምጣና ይይ› እያሉ አስቸገሩን። አዳራሽ ነው ስንላቸው፣ ‹ሰዉ እዚህ፣ እሱ እዚያ ምን ይሠራል?› አሉ።» ራሳቸው እንዳስቀመጡኝ ረስተውታል።

በሦስተኛው ቀን አረፉ። ከቀብሩ በኋላ ሴትዮዋ አዳራሹ ገብታ «ያ ቀለምህ የታለ?» አለችና ጣቷን ራሷ ነከረች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ባዶው ወንበር ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ያንን በዓይኔ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ የሚናፍቀኝ ግን ሰዉን አንድ በአንድ ሲያዩ የነበረው የአባባ ፊት ነው፣ ያላየሁት።